የዋግ ኽምራ ገጠር አቤቱታ፦ ድርቅና ጦርነት በተደራረቡበት ምድር የሕዝብ ፍላጎትና የመልሱ መንገድ

ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በተከዜ ተፋሰስ ላይ የሚገኝ የብሔረሰብ አስተዳደር ነው። መዲናው ሰቆጣ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደሃናና ጋዝጊብላ ሰፊ ደጋና ወይና ደጋ አላቸው፤ ዝቋላ፣ ሳህላና አበርገሌ ደግሞ ወደ ተከዜ ሸለቆ እየወረዱ ቆላ ይሆናሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ426 ሺህ በላይ ነበር፤ ከመቶው ከ90 የሚበልጠው በገጠር ይኖራል። ሕዝቡ የአገውና የአማራ ተወላጅ ሲሆን ኽምጥኛና አማርኛ ይናገራል። ኑሮው በማሽላ፣ በጤፍ፣ በገብስ፣ በባቄላ፣ በፍየልና በንብ ላይ ቆሟል። ኑሮውን ሁሉ የሚወስነው ግን የክረምቱ ዝናብ ነው።

በዚህ ምድር ስለ ረሃብ ብዙ ተጽፏል። የተራበው ሰው ችግሩን ለማን እንደሚናገር፣ ምን እንደሚጠይቅና መልሱ የት ላይ እንደሚቋረጥ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ያለፉት 60 ዓመታት ሲታዩ አንድ ነገር ደጋግሞ ይወጣል፤ የዋግ ገበሬ ሳይናገር የቀረበት ዘመን የለም። የተናገረውም ብዙ ጊዜ በሰዓቱና በዝርዝር ነው። የሚጎድለው ከቃሉ እስከ መልሱ ያለው መንገድ ነው።

የዘገየ መልስ ታሪክ

በ1958 ዓ.ም. ዋግንና ላስታን ጨምሮ ወሎ በረሃብ ተመታ። የችግሩ ወሬ ከአካባቢው ሹማምንትና ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቶች በኅዳር ወር መውጣት ጀምሮ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በገጠር ተጋላጭነት ላይ ባካሄዱት ጥናት እንደመዘገቡት፣ መረጃው በመሥሪያ ቤቶች መካከል ተጉዞ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ 302 ቀናት ፈጅቷል። ከዚያ በኋላ የወጣው ትእዛዝ የሟቾች ስም ዝርዝር ይቅረብ የሚል ነበር። ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ የጠፋው ገበሬው ዝም ስላለ አልነበረም። ወረቀቱ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሸጋገር እህል የሚያዝለት ሰው ስላላገኘ ነው።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ ረሃቡ ተመለሰ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አውራ ጎዳናው ወጡ፤ ወደ አዲስ አበባ ለመዝለቅ የሞከሩትም ተመለሱ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በሚያዝያ ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ለተማሪዎች አሳዩ። ጉዳዩ የዓለምን ዓይን የሳበው ግን የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ከታየ በኋላ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ይህን የወሎ ረሃብ አጥንቶ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እጅግ እንዳልናረ አሳይቷል። እህል በአገሩ ነበር፤ ገበሬው የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። ይህ ግኝት የፍላጎትን ጥያቄ መልክ ቀይሮታል። የተራበ ሰው የሚጠይቀው ስንዴ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከብቱን ሳይሸጥ ክፉውን ወር የሚሻገርበት ገቢም እንደሚሻ ያሳያልና።

በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ጀመረ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ለለጋሾች ሰፊ ጥሪ አቀረበ። አገሪቱ ግን በመስከረም ለሚከበረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል በመዘጋጀት ላይ ነበረች፤ ለጋሾችም ተጠራጥረው ቆዩ። ከዋግና ከአጎራባች አውራጃዎች በእግሩ የተሰደደው ሕዝብ በኮረም ሜዳ ላይ ሲወድቅ የሚያሳየው የቢቢሲ ዘገባ የተሰራጨው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ከጥሪው እስከ ዘገባው ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። ጦርነቱም የእርዳታውን መንገድ አጥብቦታል። ከኮረምና ከሌሎች ጣቢያዎች ብዙ ቤተሰብ ወደ ደቡብና ምዕራብ ኢትዮጵያ የተወሰደበት የሰፈራ ዘመቻም ሕዝቡን ምን እንደሚሻ ሳይጠይቅ የተፈጸመ መልስ ሆኖ ይጠቀሳል።

ድርቁ የሚሠራበት መንገድ

በዋግ ድርቅ ማለት ዝናብ ጨርሶ መጥፋት ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባና ቶሎ ሲወጣ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ጠብታ ካልጣለ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ አይዘራም፤ ገበሬው ወደ ጤፍ ወይም ወደ ሽምብራ ይዞራል። ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ ከተቋረጠ ያሸተው ሰብል ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል። መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩም በብዙ ዘመን እርሻ የሳሳ ስለሆነ የወረደው ውኃ ቶሎ ይንደረደራል፤ እርጥበቱም አይቆይም።

ከዚያ በኋላ ችግሩ በቅደም ተከተል ይወርዳል። መጀመሪያ ፍየሉና በጉ ይሸጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ይወጣል። ቀጥሎ ጎልማሳው ለቀን ሥራ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻ ይሄዳል። ይህም ካልበቃ በሬው ይሸጣል። በሬው ከተሸጠ በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢዘንብም እርሻ የለም፤ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከምርቱም ግማሹ ይሄዳል። አንድ የከፋ ክረምት ለብዙ ዓመት ጠባሳ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። እርዳታ በሬው ከመሸጡ በፊት ከደረሰ ቤቱን ያድናል፤ ከተሸጠ በኋላ የሚደርሰው ነፍስን ቢያቆይም ኑሮውን አይመልስም። ስለዚህ የመልሱ ቀን ከመልሱ መጠን ያላነሰ ክብደት አለው።

ሕዝቡ የሚጠይቀው

በዋግ ቀበሌዎች የሚነሡት ጥያቄዎች ከወቅት ወደ ወቅት ቢለያዩም ዋናዎቹ ይታወቃሉ። በቆላው የመጀመሪያው ውኃ ነው። በበጋ ምንጮች ሲነጥፉ ሴቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን አዝለው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ፤ ከብቱም ውኃ ፍለጋ ከቀዬው ይርቃል። በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳህላ አቅራቢያ ሰፊ ውኃ አለ። በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ የሚያመነጨው ኃይልም 300 ሜጋ ዋት ነው። በስተኋላው የተኛው ሐይቅ ለአካባቢው ወጣቶች የዓሣ ሥራ ከፍቷል። ግድቡ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ስለሆነ ግን ውኃው ወደ ተዳፋቱ እርሻ አይወጣም። ፓምፕና መስኖ ይሠራልን የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይመነጫል።

ሁለተኛው ዘርና መኖ ነው። የዘር እህል በረሃቡ ወር ይበላል፤ በሰኔ የሚዘራ ነገር ይጠፋል። ፈጥኖ የሚደርስ የማሽላና የጤፍ ዝርያ ማግኘት ለገበሬው ከጆንያ ስንዴ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ሥራ ለአካባቢው የቀረበ ተስፋ የሆነውም ስለዚህ ነው። ሦስተኛው ጤና ነው፤ መድኃኒት ያለው ጤና ጣቢያ፣ ለተጎዱ ሕፃናት አልሚ ምግብ፣ ለወላድ አምቡላንስ የሚገባበት መንገድ። አራተኛው ሥራ ነው። እርከን መሥራት፣ ተፋሰስ መከለል፣ መንገድ መጥረግ የሚችል ጉልበት ያለው ሰው በእርዳታ ሰልፍ ላይ መዋልን አይመርጥም። አምስተኛው ጦርነቱ የጨመረው ነው፤ ሰላም፣ ወደ ቀዬ መመለስ፣ የተዘረፈና የተቃጠለ ቤት መልሶ ማቋቋም።

በሰነድ ላይ ይህ ሁሉ አንድ ቁጥር ይሆናል። የተረጂው ብዛትና የሚያስፈልገው ኩንታል ይጻፋል፤ ውኃው፣ ዘሩና በሬው ከሠንጠረዡ ግርጌ ይወርዳሉ ወይም ይቀራሉ።

የአቤቱታው ጉዞ

የገጠሩ ሕዝብ ችግሩን የሚያሰማበት መዋቅር በወረቀት ላይ የተሟላ ነው። ጎጥ ላይ የሚታየውን የግብርና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይመዘግባሉ፤ የሕፃናት ክንድ ዙሪያ ይለካል፤ የገበያ ዋጋ ይሰበሰባል። ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለፌዴራሉ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ያቀርባል። ከመኸር በኋላ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች ባለሙያዎች በጋራ ወጥተው ግምገማ ያደርጋሉ፤ በዚያ ላይ የአገሪቱ የዓመቱ የእርዳታ ጥያቄ ይሰላል። ለጋሽ ገንዘቡን እስኪመድብ፣ እህሉ ተገዝቶ ወደብ ደርሶ፣ በጭነት መኪና እስከ ሰቆጣ እስኪመጣ ደግሞ ተጨማሪ ወራት ያልፋሉ። በነሐሴ መጨረሻ ገበሬው በማሳው ላይ ያየውን ጉዳት አገሪቱ በወጉ የምታውቀው በበጋው መካከል ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህን መዘግየት ለማሳጠር የታሰበ ነበር። በየዓመቱ ምግብ የሚያጥራቸው ቤተሰቦች አስቀድመው ይታወቃሉ፤ መሥራት የሚችሉት ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ተሰልቶ በሕዝብ ሥራ ይሰማራሉ፤ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ነፍሰ ጡርና አራስም ከሥራው ነፃ ይሆናሉ። ክፍያው በእህል ወይም በገንዘብ ሲሆን መነሻው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። ተጠቃሚውን የሚለየው የማኅበረሰቡ ግብረ ኃይል ነው፤ ለተበደለ ሰውም የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ተደራጅቷል። ይህ ገበሬው በስሙ ተጠቅሶ መብቱን የሚጠይቅበት የመጀመሪያው ሰፊ አሠራር ነው ማለት ይቻላል።

ችግሩ ኮታው ነው። የተጠቃሚው ቁጥር ከላይ ተወስኖ ሲወርድ የጎጡ ሽማግሌዎች የሚመርጡት ከእኩል ድሆች መካከል ይሆናል። ቅሬታ ሰሚው አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት አለበት። በብዙ መንደር ሕዝቡ የሚደርስበት መፍትሔ የመጣውን እህል ተካፍሎ መብላት ነው። ሪፖርቱ ይህን የምልመላ ጉድለት ይለዋል። ገበሬው ግን ከጎረቤቱ ጋር በሰላም ለመኖር የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ የተላከው እንደማይበቃ የሚናገርበት መንገድም ይኸው ነው።

ከመንግሥት መዋቅር ውጭ ያለው መንገድም ሰፊ ነው። ደብሩ፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ዕድሩና የአገር ሽማግሌው ከስብሰባ በፊት የሚመከርባቸው ቦታዎች ናቸው። ማን ጦሙን እንዳደረ አስቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ነው። እንደ አመልድ ያሉ አገር በቀል ድርጅቶች በአካባቢው ለረጅም ዓመታት መሥራት የቻሉት እነዚህን መንገዶች ስለሚያውቁ ጭምር ነው።

ጦርነቱ የበጠሰው

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በፌዴራሉ መንግሥትና በትግራይ ኃይሎች መካከል የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ዋግ ኽምራን ውጧል። የትግራይ ኃይሎች ሰቆጣን ያዙ፤ ከተማዋ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሰችው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ወቅቱ የእርሻ ነበር፤ ብዙ ማሳ ጦም አደረ። የጤና ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት ቢሮዎች ተጎዱ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ በሰቆጣ ከተማና በወለህ መጠለያ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ተኩሱ ቆመ፤ የተፈናቃዩ ወደ ቀዬ መመለስ ግን አብሮ አልተፈጸመም።

ጦርነት በሕዝብ ድምፅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሦስት መልክ አለው። አንደኛ፣ መዝገቡ ይጠፋል፤ የቀበሌው ሰነድ ሲቃጠልና ባለሙያው ሲሰደድ ማን ምን እንደጎደለው የሚያውቅ መሥሪያ ቤት አይኖርም። ሁለተኛ፣ ሁለት ወገን በሚፈላለጉበት ቀበሌ ችግርን መናገር ለአንዱ ወገን መወገን ይመስላል፤ ሰው ዝምታን ይመርጣል። ሦስተኛ፣ የመትረፊያው መንገድ ይዘጋል። የሑመራና የመተማ የቀን ሥራ ሲቋረጥ ገበሬው ድርቅን ይሻገርበት የነበረውን ዋና ድልድይ አጣ።

የ2015 ክረምት

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲና የዓለም የምግብ ፕሮግራም፣ እህል ተሰርቋል በሚል ምክንያት፣ ለመላ ኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ አቋረጡ። በዚያው ክረምት በዋግ ኽምራ፣ በሰሜን ጎንደርና በትግራይ ብዙ ወረዳዎች ዝናቡ ቀረ። ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የፌዴራሉ ጦርና የፋኖ ታጣቂዎች ውጊያ ውስጥ ገቡ፤ በክልሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ፤ መንገዶችም ተዘጉ። እርዳታው ሙሉ በሙሉ ዳግም መሰጠት የጀመረው በኅዳርና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ድርቅ፣ የእርዳታ መቋረጥ፣ ውጊያና የግንኙነት መዘጋት በአንድ ወቅት ተገናኙ። በሳህላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ከብት አለቀ፤ ቤተሰብ ቀዬውን ለቀቀ። በእህሉ ስርቆት እጁ ያልነበረበት ገበሬ የቅጣቱ ዋና ተሸካሚ ሆነ።

ሰው በረሃብ ሞተ ወይስ አልሞተም የሚለው ክርክር በዚህ ጊዜ ተነሣ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በጥር 2016 ዓ.ም. ባወጣው ግኝት በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 21 ሰዎች ከረሃብ ጋር በተያያዘ መሞታቸውን ገለጸ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዚያው ወር መጨረሻ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲናገሩ በረሃብ የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ በሽታ የሞቱ ሊኖሩ እንደሚችሉ አመለከቱ። የሕክምና ሳይንስ ሁለቱን በቀላሉ አይለያይም፤ የተራበ ሕፃንን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ተቅማጥ ወይም የሳንባ ምች ነው። ስለ ቃሉ የተደረገው ክርክር የ1958ቱን የስም ዝርዝር ጥያቄ ያስታውሳል። መሥሪያ ቤት ሞትን እስኪያረጋግጥ ከጠበቀ የሚያድነው ሰው አይኖርም።

የሶማሊያ ልምድ ይህን ያጠናክራል። በዚያ አገር ረሃብ መግባቱ በይፋ የታወጀው በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነው። በኋላ በተደረገ ጥናት ከሞቱት ወደ 260 ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ያለቁት ከአዋጁ በፊት ነበር። አርብቶ አደሮቹ ከብታቸው ሲያልቅ፣ ጉድጓዳቸው ሲነጥፍ ለወራት ተናግረዋል። ዓለም የጠበቀው የመጨረሻውን መለኪያ ነው።

ሳይሰሙ የሚቀሩት

የገጠር ሕዝብ አንድ ድምፅ የለውም። በስብሰባ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ጎልማሳ ወንድ ነው። የውኃውን ርቀት የምታውቀው፣ ማዕዱ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ሲወርድ የምታየው ግን ሴቲቱ ናት። ባሏ ለሥራ ርቆ ከሄደ ወይም በጦርነቱ ከሞተ የቤተሰቡ ጉዳይ በእርሷ ካልተነገረ በማንም አይነገርም። በኽምጥኛ ብቻ የሚግባቡ አረጋውያንም አሉ፤ መጠይቁ በአማርኛ ሲነበብላቸው በአስተርጓሚ ያልፋል፤ መልሳቸው ያጥራል። በተዳፋት ጥግ፣ ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ ርቆ ያለው ጎጥ ደግሞ በፈጣን ግምገማ አይደረስበትም፤ ድርቁ የሚብሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ተፈናቃዮች በመጠለያ ስለተሰበሰቡ ለቆጠራ ይቀላሉ፤ በዘመድ ቤት የተጠጋው ተፈናቃይና ያስጠጋው ድሃ ግን ከተፈናቃዩም ከነዋሪው ተረጂም መዝገብ ይወጣሉ።

የተገኙ እርምጃዎች

የታየው ሁሉ ውድቀት አይደለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይፋ አደረገ። ዓላማው እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ማስወገድ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀምሮ በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ሰፋ። ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትን በአንድ ዕቅድ ማሰሩ ሕዝቡ ፍላጎቱን ሳይከፋፍል ከሚያቀርብበት መንገድ ጋር ይስማማል። በእርከንና በክለላ የዳኑ ተፋሰሶች ሣርና ምንጭ መልሰዋል። ኽምጥኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትና የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ቋንቋ ሆኗል። ሴፍቲኔቱም ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ ብዙ በሬ ከመሸጥ አድኗል።

እነዚህ እርምጃዎች ግን በውጭ ገንዘብ ላይ በእጅጉ ተደግፈዋል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ይህ ድክመት ዳግም ታየ። የሰቆጣን አቤቱታ የሚመልሰው ገንዘብ በሌላ አህጉር በሚወሰን ውሳኔ እስከተያዘ ድረስ መልሱ የሰቆጣን ወቅት አይጠብቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ለዋግ ኽምራ ተጨማሪ መጠይቅ ከማዘጋጀት ይልቅ ገበሬው በነሐሴ የተናገረው በጥቅምት መልስ የሚያገኝበትን አሠራር መዘርጋት ይቀድማል። ለዚህ ዞኑና ወረዳዎቹ ፈቃድ ሳይጠብቁ የሚያንቀሳቅሱት የመጠባበቂያ እህልና ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። ውኃ፣ ዘርና መኖ ከስንዴው ጋር በአንድ ጥያቄ መቅረብ አለባቸው። እያንዳንዱ ቀበሌም ለላከው ጥያቄ ማን ምን እንደወሰነ፣ መቼ ምን እንደሚመጣ በአማርኛና በኽምጥኛ ሊነገረው ይገባል። በውጊያ ላይ ያሉ ወገኖች ሁሉ የእህልና የመድኃኒት መንገድን ክፍት የማድረግ ግዴታ አለባቸው። የዋግ ገበሬ የራሱን ድርሻ፣ ማለትም ችግሩን በጊዜው መናገርን፣ ሲፈጽም ኖሯል፤ የቀረው የሰሚው ድርሻ ነው።